ሜትሮ ያልፈታው ሆድ፦ ስለ ክሮንስ ሕመምና ስለ «ተፈጥሯዊ» መድኃኒቱ

ልጁ ሲመጣ አራተኛ ጊዜው ነበር። ዕድሜው ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ቢሆን ነው። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። ሱሪው ሰፍቶታል ማለት ነው።

«ዶክተር፣ ያችን ሜትሮ ይስጡኝ» አለኝ። የአሜባ መድኃኒቱን ሜትሮኒዳዞልን ማለቱ ነው።

ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ጅማ ላይ ግን ነጭ ጋውን ለብሶ ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሁሉ ዶክተር ነው። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«አሜባዋ ተመልሳ ነዋ።»

አስቀመጥኩትና ጠየቅኩት። ስምንት ወር ሆኖታል። በመሀል ታይፎይድ ነው ተብሎ መርፌ ተወግቷል። ጨጓራ ነው ተብሎ ኦሜፕራዞል ወስዷል። መቀመጫው አካባቢ እብጠት ወጥቶ ኪንታሮት ነው ተብሏል። አክስቱ ፌጦ ከገበያ ገዝታ፣ ወቅጣ፣ በሎሚ በጥብጣ አጠጥታዋለች። ሁሉም ሳምንት ሁለት ሳምንት ይሻለዋል፤ ከዚያ ያው ነው። «ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሦስቴ አራቴ ያስነሳኛል» አለኝ።

ሌሊት ያላት ነገር አስደነገጠችኝ። ጭንቀት የሚረብሸው ሆድ ባለቤቱ ሲተኛ አብሮት ይተኛል። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ሌላ ነው። ኪሎ ሲያስጥል፣ ደም ሲቀላቅል፣ ማታ ማታ ሲያተኩስ ደግሞ በፍሬ ኪኒን የሚያልፍ ነገር አይደለም። «ሜትሮ አልሰጥህም፤ አንጀትህን ውስጡን የሚያይ ሐኪም ጋ ሂድ» አልኩት። ተቀየመኝ። ልክ ነበር። ያለፉትን ሦስት ጊዜ የሸጥኩለት እኔው ነኝ።

ከወራት በኋላ ይዞት የመጣው ስም ክሮንስ ነው። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ። ያን ቀን በጥድፊያ ያልነገርኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ክሮንስ አንጀት የሚቆስልበት፣ እየረገበና እየተነሣ ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ነው። የሚያቆስለው ተባይ አይደለም። የገዛ ሰውነታችን የመከላከያ ኃይል ነው። አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጎረቤት ናቸው እንጂ ሌባ አይደሉም። የጤነኛ ሰው ሰውነት ይህን ያውቃል። ክሮንስ ያለበት ሰው ጋ ግን ዘበኛው ጎረቤቱን ከሌባ መለየት ያቅተዋል። ሌት ተቀን ዱላውን ያወርዳል፤ ዱላው የሚያርፈው ደግሞ በራሱ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚመርጠው የቀጭኑን አንጀት ጫፍ ነው፤ ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ። በቀኝ በኩል ከእምብርት ዝቅ ብሎ ነው። ትርፍ አንጀትም እዚያው ሰፈር ናት። ስለዚህ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ሆዱ ተከፍቶ ክሮንስ የሚገኝበት ሰው አለ።

ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ይዘላል። የተቦረቦረ አስፋልት ላይ የተጓዘ ሰው ይገባዋል፤ ትንሽ ለስላሳ፣ ከዚያ ጉድጓድ፣ ከዚያ ደግሞ ለስላሳ። ሁለተኛ፣ ጥልቅ ነው። ቁስሉ የላዩን ሽፋን ልጦ አይቆምም፤ ግድግዳውን ዘልቆ ይገባል። ቁስል ሲጠግ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳ ይኮማተራል። አንጀቱም እየጠበበ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ቁስሉ ግድግዳውን በስቶ መሿለኪያ ይሠራል፤ ከአንጀት ወደ አንጀት፣ ወደ ፊኛ፣ ወይም ወደ መቀመጫ ቆዳ። ሐኪሞች ፊስቱላ ይሉታል። እኛ አገር ፊስቱላ ሲባል ሰው የሚያስበው የወሊዱን ነው፤ ቃሉ ግን እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ይመለከታል። የልጁ «ኪንታሮት» ይኸው ነበር።

ሆድ ላይም አይቆምም። አፍ ውስጥ ቁስል ይወጣል። ዓይን ይቀላል። መገጣጠሚያ ያብጣል። ቅልጥም ላይ ሲነኩት የሚያም ቀይ እብጠት ይታያል። ልጅ ላይ ከሆነ ቁመቱ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሆዱን ሳያመው እንኳ። ትልቅ አንጀትን ብቻ ይዞ ሽፋኑን የሚያቆስል አልሰረቲቭ ኮላይተስ የሚባል የአጎት ልጅም አለው። ሕክምናቸው ብዙው ቢመሳሰልም ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ለምን ይመጣል? አንድ መልስ የለም። ዘር ድርሻ አለው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ኖድ ሁለት የተባለ ጂን ላይ ያለ ለውጥ ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ ታውቋል። ሆኖም ለውጡ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች አይታመሙም። ሲጋራ ያባብሰዋል፤ ይህ ተደጋግሞ የተረጋገጠ ነው። የፋብሪካ ምግብ በብዛት የሚበላባቸውና ከተሜነት የተስፋፋባቸው አገሮች ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ነው። ከአንድ ትሪ በመብላት አይጋባም። በርበሬ አያመጣውም። ቡናም አያመጣውም። (ይህን ጅማ ላይ ተቀምጦ ካልተናገሩት የት ይነገራል?) የሰው ዓይንም አላመጣውም።

ስሙ የሰው ስም ነው። በ1932 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል፣ ቡሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር የሚባሉ ሦስት ሐኪሞች ስለ በሽታው ጽሑፍ አወጡ። በፊደል ተራ ሲሰለፉ ክሮን ፊት ሆነ። በቃ፣ በሽታው የእሱ ሆነ። ዳልዚል የሚባል ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በ1913 ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር፤ ዕድል የለውም። ጃንሆይ በ1954 አሜሪካ ሲሄዱ የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ይኸው ሕመም ነበረባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንጀታቸው ተዘግቶ በሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በዚያው ዓመት ተወዳድረው እንደገና ተመረጡ። ለልጁ ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቲቢ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ፈረንጅ አገር የተጻፈ ስለ ክሮንስ የሚያብራራ ጽሑፍ ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ነው።

ቲቢ ሳንባ ብቻ አይይዝም። አንጀትም ይይዛል፤ የሚወደውም ያንኑ የቀጭን አንጀት ጫፍ ነው። ያከሳል። ያተኩሳል። ያስቀምጣል። አንጀትን ያጠብባል። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ፣ ሲታይ ከክሮንስ ጋር ይመሳሰላል። ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። ክሮንስን የሚያበርደው መድኃኒት የመከላከያ ኃይልን ዝቅ የሚያደርግ ነው። ያንን ቲቢ ላለበት ሰው መስጠት ለጅብ በር እንደ መክፈት ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ የሳንባ ራጅ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ የአክታና የሰገራ ምርመራ ቢደራርብባችሁ አትቆጡ። አንዳንዴ ይህ ሁሉ ተደርጎም አይለይም። ያኔ የቲቢ መድኃኒት ያስጀምሩና ሁለት ሦስት ወር ያያሉ። ቲቢ ከሆነ ቁስሉ መዳን ይጀምራል። ካልሆነ ወደ ክሮንስ ይዞራሉ። የእኛ ልጅ ያለፈው በዚህ መንገድ ነው። «ሲጫወቱብኝ ከረሙ» ብሎ ነበር። አልተጫወቱበትም። እሱ የሐኪም መለዋወጥ የመሰለው ነገር ምርመራው ራሱ ነበር።

ሌላም አለ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል በባዶ እግር ከአፈር ይገባል። ሳይታወቅ ለዓመታት አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ተራው የሰገራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ስቴሮይድ (ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ የክሮንስን ቁስል የሚያበርድ መድኃኒት) ሲጀመር ግን ይራባና በሰውነት ሁሉ ይሰራጫል። ሊገድልም ይችላል። ጫማ ሳያደርግ እርሻ ላይ ወይም ቡና ለቀማ የሚውል ሰው ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒት አለው።

የሀገር መድኃኒቱስ?

ሰው በመጨረሻ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው፤ የምቆጣው ይመስለዋል። አልቆጣም። እኔም ያደግኩት ጉንፋን ሲይዘኝ ዳማከሴ እየታሸልኝ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ክሮንስ በራሱ ጊዜ ይረግባል፣ በራሱ ጊዜ ይነሣል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሲነሣበት ነው። ሲብስበት ሜትሮ ይውጣል፤ አልሆን ሲለው ፌጦ ይጠጣል፤ አሁንም አልሆን ሲለው ጥቁር አዝሙድ በማር ይልሳል። በዚህ መሀል በሽታው በራሱ ጊዜ ይረግባል። ምስጋናው ለማን ይሄዳል? መጨረሻ ላይ ለተላሰው። ማሩ ባይኖርም ያው ነበር ብሎ የሚያሳምን የለም፤ ሰውየው በዓይኑ አይቷልና። ሐሰት እየተናገረም አይደለም። በእውነት ተሽሎታል። ለዚህ ነው መድኃኒት ሲጠና ብዙ ጊዜ ግማሹን ሰው ባዶ ኪኒን ሰጥተው የሚያነጻጽሩት። ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት መሀልም የሚሻለው ሁልጊዜ አለ።

በዚህ ወንፊት ሲነፉ ብዙዎቹ ይወድቃሉ። የዓሣ ዘይት በሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተሞክሮ ክሮንስ እንዳይመለስ ማድረግ አልቻለም። ፕሮባዮቲክ የሚባሉት የባክቴሪያ እንክብሎችም ለክሮንስ አልጠቀሙም። እርድ ለአጎቱ ልጅ፣ ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ፣ ተስፋ አሳይቷል፤ ክሮንስ ላይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲሞከር ግን አልሠራም። ወጥ ውስጥ ጨምሩት፤ መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን በማንኪያ አትቃሙት። ፈረንጆቹ የአሳማ ትል እንቁላል ጠጥተው እንደሞከሩም ልንገራችሁ። ትል በበዛበት አገር ክሮንስ ለምን ያንሳል ብለው ነው። በጥቂት ሰው ሲሞከር ጥሩ መስሎ ነበር፤ በብዙ ሰው ሲሞከር ከባዶው አልተሻለም። የትል ነገር ቢሆን እኛ ለዓለም በነፃ በሰጠን ነበር።

የሚጎዱም አሉ። ፌጦ የቆሰለ አንጀት ላይ ያቃጥላል። ሬት ያስቀምጣል፤ የሚያስቀምጠው ሰው ደግሞ ሬት አይጨመርለትም። ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ክሮንስ ደግሞ የኮሶ ትል አይደለም። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ስሙን ሻጩ የማይነግራችሁን ዱቄት ደግሞ እኔ ምን ብዬ ልምከራችሁ? አዛታዮፕሪን የሚባለውን የክሮንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱን በምርመራ እየተከታተለ ነው፤ ያልታወቀ ነገር ሲጨምርበት ሐኪሙ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቅም።

እንግዲህ ሁሉን ካጣጣልኩ የቀረው ምንድነው? ምግብ። ከሁሉም ተፈጥሯዊው እሱ ነው፤ ማስረጃም ያለው እሱ ነው።

ልጆች ላይ በደንብ የተጠና ሕክምና አለ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሌላ ምግብ ሁሉ ተትቶ በልኩ የተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ይሰጣል። ቁስሉን በማብረድ ከስቴሮይድ አያንስም፤ እድገትንም አያቀጭጭም። ከዚያ ወዲህ በእስራኤልና በካናዳ ልጆች ላይ የተጠና ሌላ አመጋገብ አለ። ግማሹ ያው ፈሳሽ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝና የመሳሰለው። ስንዴ፣ ወተትና የታሸገ ምግብ ይወጣል። ፈሳሹ ምግብ ውድ ነው፤ እንደልብም አይገኝም። አጥሚት በእሱ ቦታ ይተካል ብዬ አልዋሻችሁም፤ የተመጠነ ፕሮቲንና ቫይታሚን የለውም። ግን ሐሳቡ ይጠቅማል። የእሽግ ብስኩት፣ የታሸገ ጁስና ለስላሳ መጠጥ ቀንሶ ቤት የበሰለ መብላት ማንንም አልጎዳም።

በሽታው ሲነሣ አንጀት እረፍት ይፈልጋል። የቡላ ገንፎ፣ የድንች ወጥ፣ ለስላሳ ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የዶሮ ሾርባ። ጅማ ዙሪያ እንሰት አለ፤ ቡላ ሆድ አይከብድም። ብቻውን ግን ስታርች ነው፤ እንቁላል ወይም ሥጋ አብራችሁ ስጡት። አንጀቱ የጠበበበት ሰው ደግሞ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የበቆሎ እሸት፣ ኦቾሎኒ፣ ሸንኮራና ጥሬ ጎመን ይተው። ጠባብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና አይገባም። ጥበት የሌለበትና በሽታው የረገበለት ሰው ግን አትክልት መፍራት የለበትም። ብዙ ሰው «ሆዴ ነው» እያለ አንድ በአንድ ሲተው ይከርምና በሽታው ሳይሆን ረኃቡ ያከሳዋል።

እንጀራ? ብሉ። ሽሮ የሚነፋችሁ ከሆነ ቀጠን አድርጉት። በርበሬ በሽታውን አያመጣም፤ ሲነሣ ግን ያሳምማልና አልጫ ይሻላል። ወተት የሚያስቀምጠው ሰው እርጎ ይሞክር። ቡና አንጀትን ይቀሰቅሳል፤ ሕመሙ በተነሣ ሰሞን አቦሉን ትታችሁ በረካው ላይ ድረሱ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ኪሎ ለመመለስ የሚታገል ሰው ከሰዓቱን በጫት ጾሞ ሲውል ዝም ማለት አልችልም።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ይቅር። የመከላከያ ኃይልን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ክትፎው ለብ ለብ እንኳ ሳይባል ሲቀርብ አደጋ ነው።

የቀጭን አንጀቱ ጫፍ ቫይታሚን ቢ12 የሚገባበት በር ነው። እዚያ የቆሰለ ወይም ተቆርጦ የወጣለት ሰው የሚበላው ጥጋብ ሆኖ ደሙ ግን ይራባል፤ መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል። ብረትና ቫይታሚን ዲም ይለካ። ይህንንም ከተፈጥሯዊው ሕክምና ቁጠሩት።

ጾምን በተመለከተ በሁለቱም ቤት ለታመመ ሰው መንገድ አለ። ረመዳን ላይ የታመመ ሲሻለው ያካክሳል። ኦርቶዶክሱ ንስሐ አባቱን ያማክራል። ጠበልም ሂዱ፤ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ ፕሬድኒሶሎንን በአንድ ቀን አታቁሙ። ሳምንታት የወሰደው ሰው ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ይቀንሳል፤ በድንገት ሲቋረጥ ሰውየው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል።

ስለ መድኃኒቶቹ አጭር ልበል፤ ዝርዝሩ የሐኪማችሁ ነው። ፕሬድኒሶሎን እሳቱን ያጠፋል፤ ለዓመት የሚወሰድ ግን አይደለም። አዛታዮፕሪን ወይም ሜቶትሬክሴት እሳቱ እንዳይመለስ ይጠብቃሉ። ሥራቸው በወራት ነው የሚታየው፤ ደም በየጊዜው ይታያል። ሜቶትሬክሴት ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። ከ1998 ወዲህ ኢንፍሊክሲማብና ዘመዶቹ መጡ፤ በጣም ይሠራሉ፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ሰው አይቀመስም። አንጀት ሲዘጋ ወይም መግል ሲቋጥር ቀዶ ሕክምና አለ። የታመመውን ቆርጦ ያወጣል፤ በሽታውን ግን አይነቅለውም፤ ብዙ ጊዜ ስፌቱ አጠገብ ይመለሳል። ሆድ ድንገት ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ፣ ትውከት ከበረታ፣ ወይም ብዙ ደም ከታየ በዚያው ሌሊት ባጃጅ ጥሩ። እስኪነጋ አትጠብቁ።

ልጁ ባለፈው ሳምንት መጣ። ቀበቶው ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሷል። አዛታዮፕሪኑን ወሰደና ቆም አለ።

«ዶክተር፣ ራሴን ያመኛል። አይቡፕሮፌን አለ?»

«ላንተ የለም» አልኩት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ክሮንስን ሊያስነሡ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ሰጠሁት።

«ሜትሮስ?» አለኝ፣ እየሳቀ።